ከካያክ ላይ ወርዶ መሄድ አይቻልም

ዶክተሯ ያን ጠዋት ሐይቁ ዳር የተገኘችው ለሜዳሊያ ብላ አይደለም። አንድ ሰው ለማነጋገር ነው። ሰውየው ስልኳን አያነሳም። የሚሠራበት ሕንፃ ድረስ ስትሄድ በጓሮ በኩል ይወጣል። አንድ ቀን መንገድ ላይ ፊት ለፊት ሲገጣጠሙ እንኳ አንገቱን ደፍቶ አለፋት። የጥርስ ሐኪም ናት፤ የሰው አፍ ማስከፈት የዕለት ሥራዋ ነው። ወንበሯ ላይ ጥርሱን ነክሶ የተቀመጠውን ሁሉ አባብላ ታስከፍታለች። ይሄኛው ግን አልከፍትም ብሎ አንጀቷን አሳረራት።

ስለዚህ አንድ ነገር አሰበች። ሩጫው ላይ ጥሏት ይሮጥ ይሆናል፤ በብስክሌቱም ቀድሟት ይነዳ ይሆናል። ሐይቁ መሃል ግን፣ ካያክ በሚሉት ባለ ሁለት መቀመጫ ጠባብ ጀልባ ላይ ተቀምጦ፣ ወርዶ የትም መሄድ አይችልም። በዚያ ላይ ዋና አያውቅም።

እንዲህ ያለ ውድድር በከተማው ሲካሄድ የመጀመሪያው ነበር። መጀመሪያ ሩጫ፣ ቀጥሎ ብስክሌት፣ በመጨረሻ ካያክ። የሚወዳደሩት ሁለት ሁለት እየሆኑ ነው፤ ጥንዶቹ ከመነሻ እስከ መድረሻ መለያየት አይችሉም፣ ተራርቀው የተገኙ ከውድድር ይወጣሉ። እነዚህ ሁለቱ የተመዘገቡት ሲዋደዱ ነበር። አሁንም ይዋደዳሉ፤ ችግሩም እሱ ነው።

እሱ ሴራሚክ አንጣፊ ነው። የሥራ ባልደረቦቹ ቱንቢ ይሉታል፤ ግንበኞች የግድግዳ ቀጥ ማለት የሚለኩበት፣ ክር ላይ የታሰረው ብረት ማለት ነው። ስሙ የወጣለት የተንጋደደ ነገር አይቶ ማለፍ ስለማይችል ነው፤ የተንጋደደ ወለል ቢሆን፣ የተንጋደደ ወሬም ቢሆን። አንዴ እመጣለሁ ካለ ደግሞ ሰማይ ቢደፋ አይቀርም፤ ዶክተሯም የተማመነችው ይህንኑ ነው። የተዋወቁት የክሊኒኳን ወለል ሲያነጥፍ ነበር። ሥራው ካለቀ በኋላም "ጥጉ ላይ ያለችው ሴራሚክ ሳትደርቅ ተረግጣ ይሆናል" እያለ ሊያይ ይመላለስ ጀመር። ጥጉ ላይ ያለችው ምንም አልሆነችም ነበር።

ያጣላቸው አንድ እሁድ ነው። ቱንቢ ከቤተሰቧ ጋር በወጉ ሊተዋወቅ፣ ላገባት እፈልጋለሁ ብሎ በአንደበቱ ሊናገር ምሳ ተጠራ። ሙሉ ልብሱን ለበሰ። እሷም "ነግሬያቸዋለሁ፣ ደስ ብሏቸው እየጠበቁህ ነው" አለችው። ውሸቷን ነው። ለእናቷ የነገረቻት "እሁድ ሰው ይመጣል" ብቻ ነበር። አባቷ ጡረታ የወጡ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ናቸው፤ ለልጃቸው ባል ሲያስቡ ወይ ሐኪም ወይ መሐንዲስ ነው የሚያስቡት። እሷ ደግሞ የስንቱን ሰው መንጋጋ እጇ ሳይንቀጠቀጥ ስትነቅል የምትውል ሴት፣ አባቷ ፊት ስትቆም ወኔዋ ይከዳታል። ምሳው ላይ እነግራቸዋለሁ ብላ አሳደረችው።

አባቷ በሩን ከፈቱ። ቱንቢን ያውቁታል፤ የመታጠቢያ ቤታቸውን ያነጠፈላቸው እሱ ነው። "ውይ ተባረክ፣ እንዴት ያለ ሰዓት መጣህ! ያቺ ከገንዳው ሥር ያለችዋ ሴራሚክ ተላቃለች" ብለው እጁን ይዘው ቀጥታ ወደዚያው ወሰዱት። ቱንቢ ዘወር ብሎ አያት። ያቺ አስተያየት ረጅም ነበረች፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ቀርቶ የሕይወት ታሪክ ይነገርባት ነበር። ዶክተሯ ምንም አልተናገረችም። ይባስ ብላ ገብታ የአባቷን አሮጌ ሱሪ አመጣችለት፣ ልብሱ እንዳይበላሽ ብላ።

ለብሶት ተንበረከከና ሠራ። አባቷ ምሳውን በሳህን ይዘው መታጠቢያ ቤቱ በር ድረስ አመጡለት። ሳህኑ ሳይነካ ቀረ። ቱንቢ ሥራውን ጨርሶ፣ ሱሪውን አጥፎ፣ ሙሉ ልብሱን መልሶ ለብሶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ አፉ ዝግ ነው። ቤተሰቧ ሁሉን እያወቁ ልክህን እወቅ ያሉት መስሎታል። እሷም እንደዚያ ሲመስለው ዝም አለች፤ እውነቱ ከዚህም የከፋ ነው። ነገ ደግሞ ሩቅ ከተማ ይሄዳል፤ ትልቅ ሆቴል እየተሠራ ነው፣ ሥራው ዓመት አልፎ ዓመት ይይዘዋል። ዛሬ ካልነገረችው ሌላ ጊዜ የላትም።

መነሻው ላይ ቀድሟት ደርሶ የደረት ቁጥሩን ለጥፎ ቆሟል።

"እንደምን አደሩ፣ ዶክተር" አላት።

አንቺ ሲላት የኖረ ሰው ከዚያ እሁድ ጀምሮ እርስዎ ብሏት ቀርቷል። ቢሰድባት ይሻላት ነበር።

"ተው እንጂ፣ ሰው ይሰማል።"

"ይስማ። ሐኪም ይከበራል።"

"ዛሬ እንነጋገራለን።"

"ዛሬ እንሮጣለን ነው የተባለው" አለና የጫማውን ክር ሊያስር ጎንበስ አለ። ክሩ ታስሮ ነበር። ፊቱን ላለማሳየት መሆኑ ስለገባት፣ ማጅራቱን እያየች ጥርሷን ነከሰች።

ፊሽካው ተነፋ። ሩጫው መጀመሪያ በሱቆቹ መካከል፣ ከዚያ ቁልቁል ወደ ድልድዩ ይወርዳል። ሜዳው ላይ እሱ ይመራ ነበር፤ ቁልቁለቱ ላይ ግን ጉልበቶቹ ከዱት። ቀኑን ሙሉ ተንበርክኮ የሚሠራ ሰው ቁልቁለት አይወድም። ፊቱ ሲጨማደድ አየችና ሳታስበው ቀስ አለች።

"ለእኔ ብለው ቀስ አይበሉ።"

"ለራሴ ነው። ደክሞኝ ነው።"

"ውሸት አይችሉበትም።"

ዶክተሯ መሬቱ ቢውጣት ደስ ባላት። ውሸት እንዴት አድርጋ እንደምትችልበት ይህ የዋህ ሰው ገና አላወቀም። "ያን እሁድ..." ብላ ጀመረች። ከኋላቸው የመጡ ሁለት ጎረምሶች "አይዞሽ እህቴ፣ በርቺ!" እያሉ በመሃላቸው ሰንጥቀው አለፉ። ትንፋሿ ተቆረጠ። መልሳ ልትጀምር ስትል እሱ ሮጦ ድልድዩን ይዟል። ተከትላው ሮጠች።

ብስክሌቱም አልቀናም። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ማርሽ ስትቀይር ካቴናዋ ወለቀ። ፔዳሉ ባዶውን ተሽከረከረና እግሯ መሬት ነካ። ቱንቢ ቀድሟት ነበር፤ ዞሮ አየና የራሱን ብስክሌት ጥሎ ተመልሶ መጣ። አልተቆጣም። ካቴናውን በጣቱ አነሳ፣ የማርሹ ጥርስ ላይ ለማስገባት ዝቅ አለና አንድ ጉልበቱን አስፋልቱ ላይ ተከለ።

ይኸው አሁን ብቻቸውን ናቸው። ይኸው ቆሟል፣ የትም አይሄድም። ለዚህ ሰዓት ስንት ሌሊት ቃላት ስትመርጥ ነበር። ግን ሰውየው እግሯ ሥር ተንበርክኮ፣ እጁ በግራሶ ጠቁሮ፣ እሷ ከላይ ቆማ ነው። ያ እሁድ እንዳለ መጣባት።

"ቱንቢ..."

"ፔዳሉን ወደ ኋላ ያዙሩልኝ።"

አዞረችለት። ካቴናው ገጠመ። እጁን ሳሩ ላይ ጠረገና ብስክሌቱ ላይ ወጣ። ዶክተሯ ከኋላው ዳገቱን ስትወጣ የሰደበችው ብስክሌቱን፣ ማርሹን፣ መንገዱን የሠራውን መሐንዲስ ነበር፤ መሰደብ የነበረባት ራሷ መሆኗን ግን ከማንም በላይ ታውቃለች።

ሐይቁ ዳር ሲደርሱ አብዛኞቹ ጥንዶች ውሃው ላይ ናቸው። አስተባባሪዎቹ የነፍስ አድን ሰደርያ አለበሷቸውና ካያኩን ያዙላቸው። እሷ ከፊት፣ እሱ ከኋላ። ከፊት ያለው ምቱን ያወጣል፣ ከኋላ ያለው ተከትሎ ይቀዝፋል። ሲለማመዱ እሷ ጮክ ብላ "ቀኝ፣ ግራ" ትል ነበር፤ እሱ ደግሞ ጆሮዋ ሥር ሆን ብሎ እያሳሳተ ያስቃት ነበር።

ዛሬ ግን ምት የሚጠራ የለም። መቅዘፊያዎቹ ገና ከመነሳታቸው ተጋጩ። እንደገና ተጋጩ። ካያኩ ወደ መድረሻው መሄዱን ትቶ ወደ ሸምበቆው ዞረ፣ ከዚያ ወደመጡበት። ድምፅ ማጉያ የያዘው ሰውዬ ከዳር ሆኖ "ኧረ ወንድሜና እህቴ፣ መድረሻው በዚህ በኩል ነው" አለ። ተመልካቹ ሳቀ።

"እኔን ተከተል እንጂ!"

"ወጥ አድርገው ቢቀዝፉ እከተል ነበር።"

"እርስዎ አትበለኝ!"

መቅዘፊያዎቹ ለሦስተኛ ጊዜ ተላተሙና የቀዘፈችው ውሃ ተመልሶ ፊቷ ላይ ተረጨ። ያኔ አበቃላት። መቅዘፊያዋን ጉልበቷ ላይ አጋደመች።

"አልቀዝፍም።"

"ይቅዘፉ እንጂ። ሰው እያየን ነው።"

"አልነገርኳቸውም።"

"ምኑን?"

"አንተን። ነግሬያቸዋለሁ ያልኩህ ውሸቴን ነው። አባዬ በር ሲከፍት ሴራሚክ ልትጠግን የመጣህ ነው የመሰለው። እማዬም እንደዚያው። ሙሽራ ሊሆን የመጣ ሰው መሆንህን ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።"

ከኋላዋ መቅዘፊያው ቆመ። ውሃው ብቻ የካያኩን ጎን ይመታል። ፊቱን ማየት ፈለገች፤ ስትዞር ካያኩ ተንገዳገደ።

"አትዙሪ! ትገለብጭናለሽ!" ሁለቱን ጠርዞች ጨምድዶ ያዘ። ካያኩ እስኪረጋ ጠበቀና ቀስ ብሎ "እሁድ ቀን? በሙሉ ልብስ?" አለ።

"አባዬ ጨዋ ሰው ነው ይልሃል። ጨዋ ሰው ለብሶ ነው የሚመጣው ብሎ ይሆናላ።"

ሌላ ጊዜ ቢሆን ያስቃል። አሁን አንዳቸውም አልሳቁም።

"ምግቡስ? በር ላይ ያመጡልኝ?"

"እንዳይርበው ብሎ ነው። እማዬ ላድርስለት ስትል እሱ ራሱ ተነስቶ አመጣልህ። ለእኔ እንኳ ሳህን አንስቶ አያውቅም።"

ቱንቢ ረጅም ትንፋሽ አወጣ። "ይህን ሁሉ ጊዜ ሰውየውን በሆዴ ስሰድብ ነው የከረምኩት። ሥራ ላይ ሆኜ። ተኝቼ። ሳህኑን ሳልነካ ስወጣ ምን አሉ?"

"ምን አስቀየምነው ብሎ ጠየቀኝ።"

"አንቺስ?"

"አላውቅም አልኩት።"

አንቺ ብሏታል፤ ግን ሳያስበው ነው፣ ደስታም አልሰጣትም። ሌሎቹ ካያኮች መድረሻው ላይ ናቸው፤ ከዚያ ጭብጨባ ይሰማል። እዚህ ከእነሱ በቀር ማንም የለም።

"አባትሽ ቢንቁኝ ይሻለኝ ነበር" አለ ቱንቢ። "እሳቸው ቢንቁኝ፣ አንቺ አለሽኝ እል ነበር።"

"አልናቅሁህም።"

"ታዲያ ይሄ ምን ይባላል?"

"ፍርሃት። ፈርቼ ነው። እወድሃለሁ፣ ፈሪ ነኝ። ሁለቱም እውነት ነው።"

"ሱሪውን ስታቀብዪኝ እጅሽ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።"

"እጄ መንቀጥቀጥ አያውቅም፣ ሥራዬ ነው። ውስጤን ብታየው..." ድምፅዋ ተሰበረ። ለዘመድ አዝማድ ሁሉ ረጋ ባለ ድምፅ የምትናገር ሴት ጀርባዋን ለሚወዳት ሰው ሰጥታ ውሃ ላይ አለቀሰች። ትከሻዋ ሲርገፈገፍ አይቷል። ክንዱን ቢዘረጋ ይደርስባት ነበር። አልዘረጋም።

"ቅዘፊ" አለ።

"ምን ልንሆን?"

"ከውሃው ልውጣ። እዚህ ሆኜ ማሰብ አልችልም።"

ቀዘፈች። የሚገርመው፣ አሁን ምታቸው ገጠመ። ሁለቱም በአንድ ዓይነት ንዴት ስለሚቀዝፉ ይሆናል፣ መቅዘፊያዎቹ አንድም ጊዜ ሳይነካኩ ካያኩ ቀጥ ብሎ ሄደ። የሚቀድሙት ሰው ግን አልቀረም ነበር።

መድረሻው ላይ አባቷ ሱሪያቸውን ጠቅልለው ውሃው ውስጥ ቆመዋል፣ እናቷ ፎጣ ይዛ ከኋላቸው። ዶክተሯ ከማን ጋር እንደምትወዳደር ስትጠየቅ "ከሥራ ጓደኛ ጋር" ብላቸው ነበር፤ ሌላ ትንሽ ውሸት። አባቷ ካያኩን በአፍንጫው ይዘው ጎተቱና ከኋላ የተቀመጠውን ሲያዩ ፊታቸው በራ።

"አንተ ነህ እንዴ! እኔ እኮ ይሄ ጀግና ማነው እላለሁ።" መቅዘፊያውን ተቀበሉት፣ ክንዱን ይዘው አወረዱት። "ስማ ልጄ፣ ያን ለት ሳትቀምስ ሄድክብን። ከዚያን ለት ጀምሮ ሆዴን እየበላኝ ነው። አስቀይመንህ ነው?"

ቱንቢ አባቷን አያቸው። ከዚያ እሷን። ይኸው ይነገራል አለች በልቧ።

"ኧረ ምንም ጋሼ" አለ። "ሥራ ይጠብቀኝ ነበር።"

በሕይወቱ የተንጋደደ ነገር ከአፉ ወጥቶ የማያውቅ ሰው ስለ እሷ ብሎ ዋሸ። አልተኮሳተረም፣ አላሾፈም፤ አባቷ ፊት እንዳታፍር ብሎ ነው። የጮኸባት ቢሆን ትችለው ነበር። ይሄን ግን አልቻለችውም።

"አባዬ፣ ሥራ አልነበረውም" አለች። "ያን ለት ሴራሚክ ሊጠግን አልመጣም። እኔን ሊጠይቅህ ነው የመጣው። እንድትድርለት። አውቃችሁ እየጠበቃችሁት መስሎት ነበር፣ እንደዚያ ብዬ ስለዋሸሁት። እኔ ነኝ ያልነገርኳችሁ።"

አባቷ መቅዘፊያውን በሁለት እጃቸው እንደያዙ ቆሙ። የገባቸው ቀስ እያለ ነው፤ መጀመሪያ ቱንቢን አዩ፣ ከዚያ የት እንደሚያዩ ጠፋቸው።

"እንግዳዬን?" አሉ። "እንግዳዬን ነው በአሮጌ ሱሪዬ ያንበረከክሁት?"

ወደ ልጃቸው ዞሩ።

"አንቺ እያየሽ?"

"እኔ እያየሁ።"

አባቷ ብዙ ጊዜ ተቆጥተዋት ያውቃሉ። እንዲህ አይተዋት ግን አያውቁም። ልጃቸውን ገና ዛሬ የተዋወቋት ይመስል ነበር። ወደ ቱንቢ ዞሩ፤ "ልጄ፣ እኔ..." አሉ።

"እርስዎ ምን አጠፉ፣ ጋሼ። ምሳ አመጡልኝ እኮ። እኔ ነኝ ሳህኑን ጥዬ የሄድኩ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

"እኔኮ ሙሉ ልብሱ ገርሞኝ ነበር" አለች እናቷ ለራሷ። ፎጣውን ካያኩ ላይ ጣል አድርጋ የባሏን ክንድ ያዘች። "ና፣ እነዚህ ይነጋገሩ።" አባቷ መቅዘፊያውን የት እንደሚያስቀምጡት ግራ ገብቷቸው ይዘውት ሄዱ።

ተመልካቹ ተበትኗል፤ አስተባባሪዎቹ ባንዲራዎቹን እየነቀሉ ነው። ሁለቱ ካያኩን አውጥተው ገለበጡት። ውሃው ከውስጡ ተንጠፍጥፎ አለቀ።

"ነገ ትሄዳለህ?"

"እሄዳለሁ። ቃል ሰጥቻለሁ።"

"ተናድደሃል።"

"በጣም። ደግሞ እንዲህ በአንድ ቀን አይለቀኝም፣ እንዳትጠብቂ።"

"ተናደድ። ግን እየተናገርክ ተናደድ። በጓሮ በር አትውጣብኝ። ስደውልልህ አንሳና ስደበኝ። ዝምታህን ግን አልችለውም፣ ገደለኝ።"

ቀና ብሎ አያት። ከጠዋት ጀምሮ ዓይኗን ትክ ብሎ ሲያይ ይህ የመጀመሪያው ነው። ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ተጣብቋል፣ ዓይኖቿ ቀልተዋል፣ አፍንጫዋ ይፈሳል፤ ሐኪም አትመስልም። አልሳቀም፣ አልቀረባትም። ሰደርያውን አውልቆ ጣለና ከተገለበጠው ካያክ ወዲያኛው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

እሷም በወዲህኛው ጫፍ ተቀመጠች።

"መቼ ነው የምትደውይው?" አለ፣ አሁንም ተቆጥቶ።

"ነገ ማታ።"

"ነገ ማታ መንገድ ላይ ነኝ። ኔትወርክ የለም።"

"ከነገ ወዲያ።"

"የምለው ብዙ ነው፣ ዶክተር። ጊዜ ይዘሽ ደውዪ።"

"እይዛለሁ።"

ከዚህ ሌላ የተባባሉት የለም። ይቅር አላላትም፣ እሷም ለራሷ ይቅር አላለችም። ጉልበቱን እያሸ ሐይቁን ያያል። ንዴቱ ከካያኩ ወዲያኛው ጫፍ ድረስ ይሰማታል፤ በራሷ ላይ ያላት ንዴትም ገና አልበረደም። ቢሆንም ከዚያ እሁድ ወዲህ ብቻዋን ሳትሆን ስትናደድ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።